ጣሪያ ከዳኝ

በሩ ላይ የተሰቀለችው ሰሌዳ ሁለት ቃል ብቻ አላት፤ «ጣሪያ ከዳኝ»። ራሱ ነው የጻፋት፣ ከአንድ ሥራ በተረፈ ቀይ ቀለም። አላልቶ ላነበባት ሰው፣ እዚህ ቤት ጣሪያ የሚከድን ባለሙያ አለ ማለት ነው። አጥብቆ ያነበባት ደግሞ ጣሪያው ጉድ የሠራው ሰው ስሞታ ትመስለውና ይስቃል። ሚስቱ ሁልጊዜ የምታነባት አጥብቃ ነበር።

ሰፈሩ «ድመቱ» ይለዋል። አርባ ዓመት በሰው ጣሪያ ላይ ተራምዷል፤ የወደቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም በእግሩ ቆሞ። ዕድሜው ስድሳ አራት ነው። መሰላል ሲወጣ ጉልበቱ ይንቋቋል፤ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ዝም ይላል። የግራ እጁ ትንሽ ጣት ግማሿ የለችም። ድሮ የቆርቆሮ ጠርዝ ወስዷታል።

የጣሪያን ዋጋ ለደንበኛ የሚያስረዳው በዚያው እጁ ነው። መዳፉን ይዘረጋና ከአውራ ጣቱ ይጀምራል። «ይሄ ቆርቆሮው ነው። ሰው ሁሉ የሚያስበው ይሄን ብቻ ነው።» ሌባ ጣት እንጨቱ። መሀል ጣት ምስማሩና አሸንዳው። የቀለበት ጣት የሰው ጉልበት፤ አዲሱን መምታት ብቻ ሳይሆን አሮጌውን ነቅሎ ማስወገድም ጭምር። ትንሿ ጣት ያልታወቀው። «አሮጌ ጣሪያ ካልተከፈተ ምን እንደደበቀ አይታወቅም» ይላል። ደንበኛው ፊቱ ሲለወጥ ጉማጇን ጣት ከፍ አድርጎ ያሳየዋል። «አይዞህ፣ እኔ ጋ ያልታወቀውም በግማሽ ነው።»

ደንበኛው ይስቃል። ከዚያ ይጠይቃል፤ «ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሦስት ቀን።»

ለቀን የሚሆን ጣት አልነበረውም። ቤቱ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ መልሱ ሦስት ቀን ነው። በሙያው ያሉ ሁሉ እንዲሁ ይላሉ። እውነቱን የሚናገር፣ አሥር ወይም አሥራ ሁለት የሚል፣ ሥራ አያገኝም፤ ሰው ቤቱን ለአሥራ ሁለት ቀን ገልጦ መቀመጡን ሲያስበው የሚያፈሰው ጣሪያ ደህና መስሎ ይታየዋል። አንዴ ከተነቀለ በኋላ ግን የትም አይሄድም። በአራተኛው ቀን ይጮሃል። በስድስተኛው ይለምናል። በአሥረኛው አዲሱ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ አይቶ ሁሉን ይረሳል። ሰፈሩ ውስጥ መጥረቢያ ወይም ብረት ድስት የተዋሰ ሰው «መቼ ትመልሳለህ?» ሲባል «በድመቱ ሦስት ቀን» ብሎ ይቀልዳል።

ድመቱ አያፍርበትም ነበር። «ውሸት አይደለም» ይል ነበር። «ማደንዘዣ ነው።»

የራሱ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ጣሪያውን የመታው ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት፣ አንዲት ልጁ በተወለደች ሰሞን፣ ከየሥራው በተራረፈ ቆርቆሮ ነው። አራቱ ከአንድ ሐኪም ቤት፣ ስድስቱ ከወፍጮ ቤት፣ ሦስቱ ከአንድ ዳኛ ቤት፣ የቀሩት ከየትም። እንጨቱም እንደዚያው፣ አንዱ ከአንዱ የማይተካከል ቁርጥራጭ ነበር። «ለጊዜው ነው» አላት ሚስቱን። ጊዜው ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆነ።

እሷ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበረች። ክንደ ብርቱ፣ አፈ ስለት። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ቀዳዳዎቹን በባለቤቶቻቸው ስም ጠራቻቸው። ዝናብ ሲመጣ ባልዲ እያቀረበች «ዳኛው ጀመሩ» ትላለች። «ሐኪሙ ዛሬ ምሕረት የለውም፣ ትራሱ ላይ ነው። ወፍጮ ቤቱም እየፈጨ ነው።» ጎረቤት ሲመጣ ደግሞ፣ «የኔ ባል ለሰው ክዳን ይከድናል፣ ለኔ ባልዲ ይገዛል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ» ትላለች። እሱ ይስቃል። በነጋታው ይወጣና ሬንጅ ይለቀልቃል። የሚቀጥለው ዝናብ ሌላ ቀዳዳ ያገኛል።

ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ሳንባዋ ታመመ። እሷ ድሮ አንሶላውን ታጥብበት የነበረው ሆስፒታል ወጣት ዶክተር መረመራትና «መድኃኒቱ ግማሽ ነው፤ ግማሹ ደረቅ ቤት ነው። እርጥበት አይቻልም» አላት።

«ችግር የለም ዶክተር» አለች። «ባሌ ጣሪያ ከዳኝ ነው።»

«እንግዲያው ቀላል ነው» አለ ዶክተሩ። ቃሉን አጥብቃ እንዳለችው አላስተዋለም። አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ አስተውሏል።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመው ትንፋሿን ጠበቁ። በሦስተኛው ላይ፣ የአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ የምትፈልገውን ነገረችው።

«ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ እወድ ነበር፤ ልጅ ሆኜ። ያንተ ቤት ከገባሁ ወዲህ ድምፁ ሲጀምር ባልዲ ፍለጋ ነው የምነሳው። አንድ ዝናብ ሳልፈራ ተኝቼ ልስማ። አንድ ይበቃኛል።»

«ሙሉውን እቀይረዋለሁ» አላት።

«በምን?»

ራሷ መለሰችው። ከሥራ ስትሰናበት በአንድ ጊዜ የተሰጣት ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ነበር። «የሠላሳ ዓመት አንሶላ ነው» አለች። «ቆርቆሮ ይሁን።»

ቆርቆሮው ተገዝቶ በገባ ዕለት ማታ ጠረጴዛው አጠገብ እንደ ማንኛውም ደንበኛ አስቀምጣ ጠየቀችው። እንደ ማንኛውም ደንበኛ መዳፉን ዘረጋ። ቆርቆሮው፣ እንጨቱ፣ ምስማርና አሸንዳው። ረጅሙ ገንዘብ አልቀበልም ስላለ የጉልበቱ ዋጋ ቀነሰ። ረጅሙ የሃያ ስምንት ዓመት የሥራ ጓደኛው ነው፤ ቁመቱ ከመዶሻ እጀታ ብዙም አይበልጥም፤ ለዚህ ነው ረጅሙ የተባለው። ጉማጇ ጣት ላይ ሲደርስ እሷ ያዘቻት።

«ይቺስ?»

«ግማሽ።»

«ቀኑስ?»

«ሦስት ቀን።»

ጣቱን አልለቀቀችም። «ያንተ ሦስት ቀን ነው ወይስ የሰው ሦስት ቀን?»

«የሰው። እናቴ ትሙት።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አርባ ዓመት ለሌላ ሰው ሲናገረው ሐሰት መሆኑን ያውቅ ነበር። በዚያ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ አመነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ቆርቆሮው ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ተደርድሯል። ሠራተኞቹ እሱና ረጅሙ ናቸው። ደንበኛዋ ሚስቱ ናት። ከሦስት ቀን በላይ የሚያስኬደው ምክንያት አልታየውም።

ድመቱ የማንንም ጣሪያ ከመንቀሉ በፊት ኮርኒሱን ከፈት አድርጎ እንጨቱን በምስማር ይወጋል። ምስማሩ እምቢ ካለ ደህና ነው። ከገባ ምስጥ አለ፣ ወይም እንጨቱ በስብሷል፤ ዋጋውም ቀኑም ይለወጣል። ረጅሙን ያስተማረው የመጀመሪያ ነገር ይኼ ነበር። የራሱን ቤት እንጨት ግን አልወጋም። በገዛ እጁ የመታው እንጨት ነው፤ ምኑን ይወጋዋል?

በማለዳው ልጅቱ መጣች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ከባሏና ከትንሽ ልጇ ጋር ትኖራለች። እናትየዋ መሄድ አልፈለገችም ነበር። «እዚሁ ሸራ ወጥራችሁልኝ ከሥር ልተኛ» ብላ ነበር። ድመቱ እምቢ አለ፤ የሚረግፈው የዝገት ብናኝ ለጤነኛ ሳንባም አይሆንም። እውነቱን ነበር።

«እማዬ፣ ብርድ ልብስሽን ልያዝልሽ?» አለች ልጅቱ።

«ለሦስት ቀን?» አለች እናት። ሮዝ ብርድ ልብሷን አጣጥፋ ዝገት እንዳይነካው ሳጥን ውስጥ ከተተች። ሬዲዮኗንም ከተተች። የያዘችው አንድ መቀየሪያ ቀሚስ፣ መድኃኒቷንና የጥርስ ብሩሽ ነው።

ፎቁ ሊፍት የለውም። ወንበር ላይ አስቀምጠው ድመቱ ከላይ፣ ረጅሙ ከታች ሆነው ተሸከሟት።

«ከታች ያለው ረጅሙ ነው?» አለች ደረጃው መሀል።

«እኔ ነኝ እቴቴ።»

«በሉ ኑዛዜዬን ጻፉ።»

ረጅሙ ሳቁ መጥቶበት ወንበሩን ሊለቀው ነበር። ሦስቱም እስኪወጣላቸው ደረጃው ላይ ቆመው ሳቁ። ልጅቱ ከላይ «ጎረቤት ተኝቷል!» እያለች ትቆጣለች፤ እሷም ትስቃለች።

በዚያው ቀን ጠዋት አሮጌውን መንቀል ጀመሩ። ዳኛው ወረዱ። ሐኪሙ ወረደ። ረጅሙ የወፍጮ ቤቱን ሁለተኛ ቆርቆሮ ሲስብ እንጨቱ አብሮት መጣ።

«ድመቱ፣ እስቲ ና።»

ድመቱ ሄዶ አየ። ከኪሱ ምስማር አወጣና መዶሻ ሳይጠቀም በአውራ ጣቱ ገፋው። ሳሙና ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ሁለተኛውን እንጨት ወጋ፤ ገባ። ግድግዳው ራስ ላይ የተጋደመውን ትልቁን አግዳሚ ወጋ። እሱም ገባ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የፈሰሰው ውሃ ሁሉ ባልዲ ውስጥ አልወረደም ነበር፤ ግማሹን እንጨቱ ጠጥቶታል።

«ስንት ቀን?» አለ ረጅሙ።

ድመቱ ምስማሩን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

«እኔን እንኳ አታደንዝዘኝ።»

«ተነሥ፣ እንጨት ፍለጋ እንሂድ» አለ ድመቱ።

እንጨት ነጋዴው የሚፈልጉት ርዝመት አልነበረውም። መኪናው መንገድ ላይ ነው አለ። እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ሦስት ቀን አለው፤ የእንጨት ነጋዴው «መንገድ ላይ ነው» ይባላል። ድመቱ ይህን ያውቃል። ያም ሆኖ በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እየሄደ በሩ ላይ ቆመ። በሁለተኛው ቀን የበሰበሰውን አውርደው ጨረሱ። ቤቱ አራት ግድግዳና ሰማይ ሆነ። ዕቃውን በሸራ ሸፈኑት።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ደወለች።

«ዛሬ ስንተኛው ቀን ነው?»

«ሦስተኛው።»

«የትኛው ሦስተኛው?»

ስለ እንጨቱ ነገራት። ግማሹን ብቻ። አግዳሚው መበስበሱን አልነገራትም።

«ታዲያ ስንት ቀረህ?»

«ሦስት ቀን።»

ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ቆየ። ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ጠበቀ። «እንግዲህ ደንበኛ ሆኛለሁ» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። «ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። ነገ እጮሃለሁ፣ በስድስተኛው እለምናለሁ።»

በአራተኛው ቀን ዘነበ፤ ያለወቅቱ የመጣ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ያልቆየ ዝናብ። ድመቱና ረጅሙ ሸራውን በእጃቸው ወጥረው ሳጥኑና ፍራሹ ላይ ቆሙ። በአምስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ እንጨቱ መጣ፤ ድመቱም በመንገዱ ላይ ልጁ ቤት ጎራ አለ። ሚስቱ የልጅ ልጇ አልጋ ላይ ነበረች። ዳክዬ የተሣለበት የልጅ ብርድ ልብስ ለብሳለች፤ እግሯ ጋ አልደረሰም። ፊቷ ጠቁሯል።

«ትናንት ዘነበ አሉ» አለችው። «እዚህ አይሰማም። ከላያችን ሁለት ፎቅ አለ፤ የሚሰማው የሰው ኮቴ ነው።»

«ቶሎ እጨርሳለሁ።»

«ተቀመጥ እንጂ።»

«ልብሴ ዝገት ነው።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ስንቱን አንሶላ አጥቤያለሁ፤ ያንተ ዝገት ያቅተኛል? ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። አልጋው የልጅ ነው፣ አንሶላው ነጭ ነው፣ እንጨቱን የጫነው መኪና ከታች ቆሟል፣ ሹፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ነው። በሩን ተደግፎ ትንሽ ቆመ። «ሦስት ቀን ታገሺኝ» ብሎ ወረደ።

በስድስተኛው ቀን፣ እንዳለችው፣ ለመነችው። የመጀመሪያውን አግዳሚ እየሰቀሉ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«ስድስተኛው ቀን ነው። ልለምንህ?»

«ለምኚ» አለ እየሳቀ።

«ቤቴ ውሰደኝ።»

«ጣሪያ የለውም እኮ።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም።»

የቀልዱ መጨረሻ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም።

«ሦስት ቀን» አላት። «የሰው ሦስት ቀን። አሁን እንጨቱ በእጄ ነው።»

«እሺ» አለች።

በእርግጥም ሠሩ። ሰባተኛውን ቀን ሙሉ እንጨት መቱ። ስምንተኛው ቀን ላይ የመጀመሪያው ቆርቆሮ ወጣ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ደውላ ነበር። «አባዬ፣ ዶክተሩ መጥቶ አይቷታል። ደክማለች። ዛሬ ብቅ በል።»

«ነገ እጨርሳለሁ። ነገ መጥቼ ይዣት እሄዳለሁ በያት።»

«አባዬ።»

«ነገ አልኩሽ እኮ። ቤቷ ነው የምወስዳት።»

በዘጠነኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጣሪያው ላይ ነበር። ቆርቆሮ ላይ መዶሻ ሲመታ ከጩኸቱ ሌላ ነገር አይሰማም። ስልኩ ኮቱ ኪስ ውስጥ፣ ኮቱ መሰላሉ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ጠርቷል። ረጅሙ ምስማር ሊያቀብል ሲወጣ ኪሱ ሲርገበገብ አየና ስልኩን ወደ ላይ ዘረጋለት።

«ልጅህ ናት።»

«አባዬ፣ መሬት ላይ ነህ?» አለች።

«አዎ» አለ። ጣሪያው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«እማዬ» አለች ልጅቱ። ከዚያ ወዲያ አልቻለችም።

መዶሻውን እንጨቱ ላይ አስቀመጠ፤ እንዳይንሸራተት አስተካክሎ። ከዚያ ወረደ። ረጅሙ እጁን ሊይዘው ፈለገ፤ ድመቱ ግን ከአንድ ጊዜ በቀር ከጣሪያ ወድቆ አያውቅም።

ልጁ ቤት ሲደርስ ዳክዬው ብርድ ልብስ እስከ ፊቷ ተስቦ ነበር። እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ውጭ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዝገቱ አንሶላው ላይ ታተመ።

«ቤት እንወስዳታለን» አለ።

«ለምን?» አለች ልጁ። ዓይኗ አብጧል። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልወሰድካትም። አሁን ምን ይሠራላታል?»

«ቤቷ ነው።»

ልጅቱ ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። በወጣችበት ደረጃ አወረዷት። ከታች ረጅሙ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰው ተሰበሰበ። በሥራዋ ቦታ አብረዋት ያጠቡ ሴቶች መጡ። አልጋዋ የድሮው ቦታው፣ የሐኪሙ ቀዳዳ የነበረበት ሥር ተደርጓል። ሮዙ ብርድ ልብስ ከሳጥን ወጥቶ ተደረበላት። ድመቱ ራስጌዋ ተቀምጦ ነበር። ቀና ሲል ሰማይ አየ። ልክ ከአልጋው በላይ ያለው አልተከደነም።

ተነሥቶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የመዶሻ ድምፅ መጣ። ሴቶቹ ልቅሷቸውን አቋርጠው ቀና አሉ።

«ሰውዬው አበደ?» አለ አንድ ጎረቤት። «ሬሳ ባለበት ቤት ምስማር ይመታል? ኧረ አንድ ሰው ያውርደው!»

ረጅሙ መሰላሉን ይዞ ወጣ። ሁሉም ሊያወርደው መሰላቸው።

«ውረድ ወንድሜ» አለ ረጅሙ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰው እየተናደደ ነው።»

«ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ስንት?»

«ሦስት።»

ረጅሙ ቆጠረ። ቆርቆሮው በእርግጥ ሦስት ነበር። ከኪሱ ምስማር አውጥቶ አንድ በአንድ ያቀብለው ጀመር። ከሥራቸው ያለው ክፍል ቀስ በቀስ ጨለመ፤ የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲገጥም አንድ ሰው መብራት አበራ።

ልጅቱ ይህን ሁሉ ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰሌዳዋን እያየች። አባቷ ሲወርድ አያት። እንዴት አድርጋ እንዳነበበቻት አልጠየቃትም።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ልጅቱ ልብስ ልትለይ መጣች። ሲጨርሱ ኮርኒስ የሌለውን አዲስ ጣሪያ ቀና ብላ አየችው።

«ስንት ፈጀ?» አለች። ለክፋት አልነበረም። የሚነጋገሩት ነገር ስላጡ ነው።

እጁን ዘረጋ፤ ልማድ ነው። አውራ ጣቱን ያዘ። ቆርቆሮው ይሄን ያህል። እንጨቱ ይሄን ያህል፣ ከታሰበው እጥፍ። ምስማርና አሸንዳው። የረጅሙ ጉልበት፣ እስከ ዛሬ አልቀበልም ያለው። ጉማጇ ጣት ላይ ሲደርስ ቆመ። ይዟት ቆየ። ልጅቱ ጠበቀችው፣ ከዚያ ተነሥታ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን በሁለት እጇ ሸፈነችው።

ክረምቱ የገባው በወሩ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጠቁሮ መጣ፤ የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ድመቱ ሳያስበው ተነሥቶ ባልዲ አነሳ። ባልዲውን እንደያዘ ክፍሉ መሀል ቆመ። ዝናቡ በረታ። ዳኛው ዝም። ወፍጮ ቤቱ ዝም። ሐኪሙ ዝም። ምንም አላፈሰሰም። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ምናልባት በሕይወቱ ከመታው ጣሪያ ሁሉ የተሻለው። ባልዲውን አስቀምጦ በእሷ ቦታ ተኛ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ሰማው። ጫማውን አላወለቀም።

ሰሌዳዋን ሊያወርዳት ሁለት ጊዜ አስቦ ትቶታል። እሷኑ አንብባ ነው አንዲት አስተማሪ በሩን ያንኳኳችው። ቤቷ ከእሱ በሁለት መንገድ ይርቃል። ተከትሏት ሄዶ መሰላል አስመጣ፣ ኮርኒሱን ከፈተ፣ እንጨቱን በምስማር ወጋ። ገባ። ወርዶ መዳፉን ዘረጋና ዋጋውን አስረዳት። አምስተኛዋ ጣት ላይ አልቀለደም።

«ስንት ቀን ይፈጃል አባባ?»

«ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ?»

ጥያቄው ገርሟት አየችው። «እናቴ አሉ። የታመሙ እንኳ አይደሉም፣ አርጅተዋል።»

«አሥራ ሁለት ቀን።»

«አሥራ ሁለት?» ሳቀች። «ይቅርታዎን፣ ግን ትናንት ያነጋገርኩት ሰውዬ ሦስት ቀን ነው ያለኝ። አጠር ያለ ሰውዬ።»

«አውቀዋለሁ» አለ ድመቱ። «ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

አስተማሪዋ አመስግና ሸኘችው። ሥራውን ለረጅሙ ሰጠችው። ድመቱ አልተቀየመም። ከቤቱ ሆኖ የመዶሻውን ድምፅ ሰማ፤ ሲጀምር፣ ሲያቆም፣ ሲጀምር። አንደኛ ቀን። ሁለተኛ ቀን። በሦስተኛው ከሰዓት በኋላ ድምፁ ጠፋ። እንጨት ነው፣ አለ ለራሱ። መንገድ ላይ ነው ብለውታል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መዶሻውን ይዞ ሄደ። ማንም አልጠራውም። ረጅሙ ከላይ አየውና ወደ ጎን ጠጋ አለለት።

አሮጊቷ የጎረቤት በረንዳ ላይ ወንበር ወጥቶላቸው ተቀምጠዋል። የተራቆተ ቤታቸውን ያያሉ። እግራቸው ላይ ስስ ነጠላ ነገር አለ፣ የእሳቸው አይመስልም። ድመቱ መሰላሉን ከመርገጡ በፊት አጠገባቸው ቆመ።

«እንደምን አደሩ እማማ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። አንተም ከነሱ ነህ?»

«አዎ።»

«ዛሬ ያልቃል አሉኝ። ሦስት ቀን ነው ብለውኝ ነበር፤ ዛሬ አራት ሆነ። ስንት ቀረው?»

ድመቱ ወደ ላይ አየ። የቆመውን ቆጠረ፣ የጎደለውን ቆጠረ። ረጅሙ ከላይ ሆኖ በመዶሻው እያመለከተ፣ ሦስት በል፣ ሦስት በል ይለዋል።

«ስምንት ቀን» አለ። «ስምንት ሙሉ።»

አሮጊቷ አሰቡት። አልጮሁም፣ አልለመኑም።

«እንግዲያማ» አሉ፣ እግራቸው ላይ ያለውን ስስ ልብስ ገፋ እያደረጉ፣ «የራሴን ብርድ ልብስ አምጡልኝ።»

ድመቱ መዶሻውን ደረጃው ላይ አስቀመጠና ሊያመጣላቸው ገባ።